የኦሞው ሰው ዕድሜ ለምን እየጨመረ ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ1967 በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የኪቢሽ ምድር፣ ኬንያዊው የቅሪተ አካል ፈላጊ ካሞያ ኪሜው የሰው አጥንት አገኘ። በሪቻርድ ሊኪ ይመራ የነበረው የኬንያ ቡድን አባል ነበር፤ ስፍራው እስከ ዛሬ በካሞያ ስም ይጠራል። ግኝቱ «ኦሞ 1» ተባለ። የራስ ቅሉ ከፍ ያለና ክብ፣ አገጩም እንደ እኛው ወጣ ያለ በመሆኑ ከሆሞ ሳፒየንስ ወገን ለመሆኑ ብዙም ክርክር አልተነሳበትም። ዕድሜውን ለማወቅ በተለያየ ጊዜ የታተሙ መጻሕፍትን የሚያገላብጥ አንባቢ ግን ግራ ይጋባል። የቀድሞዎቹ 130 ሺህ ዓመት ይላሉ። ከ2005 በኋላ የታተሙት 195 ሺህ አድርሰውታል። በ2022 ደግሞ 233 ሺህ ተባለ።

ይህን ያየ ሰው «በየጊዜው የሚቀያየር ነገር እንዴት ይታመናል?» ቢል አልፈርድበትም። ዜናው የሚደርሰን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ነው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የሚነግረን የለም። ስለዚህ አጥንቱን ለጊዜው ትተን አጥንቱ የተቀበረበትን መሬት እንመልከት፤ የዕድሜው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የዕድሜ መለኪያ ካርቦን 14 ነው። ይህ ንጥረ ነገር በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ የሚለካ ነገር አይተርፈውም። ለአክሱም ዘመን ከሰል ይበጃል፤ ለኦሞ 1 ግን ጨርሶ አይደርስም። በ1960ዎቹ የነበሩት ተመራማሪዎች በደለሉ ውስጥ የተገኙ የወንዝ ዛጎሎችን ወስደው በዩራኒየም ዘዴ ለኩ፤ 130 ሺህ የተባለው ከዚያ መጣ። የዛጎል ችግሩ በዙሪያው ከሚፈሰው ውኃ ዩራኒየም እየመጠጠ መቆየቱ ነው። ሰዓቱ መቼ መቁጠር እንደጀመረ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ቁጥሩ ገና ከመጀመሪያውም በጥርጣሬ ይታይ የነበረው ለዚህ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ለተመራማሪዎች የሰጠው ትልቁ ስጦታ እሳተ ገሞራ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በሰፊው ይበተንና በወንዝና በሐይቅ ዳር ንጣፍ ሆኖ ይቀመጣል። ከላዩ ሌላ ደለል ይተኛበታል፤ እንደገና ሌላ አመድ ይመጣል። በአመዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የፌልድስፓር ክሪስታሎች ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ በጣም በዝግታ እየተለወጠ በከፊል አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አለቱ በቀለጠበት ሰዓት የነበረው አርጎን ተንኖ ይወጣል። ክሪስታሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት፣ የሚፈጠረውን ጋዝ ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ የተጠራቀመውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ያመዛዘነ ሰው ፍንዳታው መቼ እንደነበረ ይደርስበታል። ዛሬ ክሪስታሉን አስቀድሞ በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ በኒውትሮን ስለሚደበድቡት፣ ከፖታሲየሙም የተወሰነው አርጎን 39 ስለሚሆን፣ ሁለቱን መጠኖች ከአንዲት ቅንጣት በአንድ ጊዜ መለካት ተችሏል።

ልብ በሉ፤ የተለካው አመዱ ነው። አጥንቱ በሁለት አመድ መካከል ከተገኘ፣ ከታችኛው በኋላ ከላይኛው በፊት እንደነበረ እናውቃለን። ከዚህ ያለፈ ነገር አጥንቱ አይሰጠንም።

በ2005 ኢያን ማክዱጋል፣ ፍራንክ ብራውንና ጆን ፍሊግል ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወደ ኪቢሽ ተመልሶ የሠራው ቡድን መጀመሪያ ስፍራው በትክክል የት እንደነበረ ማረጋገጥ ነበረበት። ያረጋገጠውም ደስ በሚል መንገድ ነው፤ ከመሬቱ የለቀሙት የጭን አጥንት ስባሪ በ1967 ከተወሰደው ስባሪ ጋር ገጠመ። ከዚያ ናካኪሬ በሚባለው አመድ ውስጥ ያለውን ፑሚስ ለኩ፤ ወደ 196 ሺህ ዓመት ሆነ። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለብሎኬት የሚፈጨው ያው ቀላል፣ በቀዳዳ የተሞላ ድንጋይ ነው። ይህ አመድ ከአጥንቱ በታች ነው ብለው ደመደሙ፤ 195 ሺህ የተባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ደካማው ጎን ግን ናካኪሬ አጥንቱ በተገኘበት ጉብታ ላይ በቀጥታ ሥር አለመታየቱ ነበር። ቦታው የተገመተው ራቅ ካሉ ሌሎች ገደሎች ጋር በማስተያየት ነው።

አጥንቱ በተገኘበት ቦታ፣ ከአጥንቱ በላይ፣ ከ2 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሌላ አመድ በዓይን ይታያል። ለምን እሱን አልለኩትም? እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ ነው። ለአርጎን መለኪያ የሚበቃ ክሪስታል አልተገኘበትም። ይህን አመድ ለዓመታት ሁሉም እያየው አልፏል።

ሴሊን ቪዳል የመሩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አሥራት የተሳተፉበት ቡድን መውጫ ያገኘው አመዱን ሳይሆን የአመዱን ምንጭ በመፈለግ ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ ኬሚካላዊ ቅመም አለው። በአመዱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የብርጭቆ ስባሪዎች ውስጥ የሲሊካው፣ የብረቱ፣ የዚርኮኒየሙና የሌሎቹ መጠን ከፍንዳታ ፍንዳታ ይለያያል። ቡድኑ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ያሉ ትላልቅ የጥንት ፍንዳታዎችን ናሙና እየሰበሰበ ከኪቢሹ አመድ ጋር አስተያየ። የገጠመው ከሻላ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ ላንጋኖን እንዳለፉ በቀኝ በኩል የሚቀረው የሻላ ሐይቅ፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በመደርመሱ የተፈጠረ ጎድጓዳ ላይ የተኛ ነው፤ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀቱም ከዚያ የመጣ ነው። ከሻላ እስከ ኪቢሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ርቀት ተጉዞ 2 ሜትር የሚከመር አመድ የላከ ፍንዳታ ምን ያህል እንደነበረ መገመት ይቻላል፤ በእርግጥ የኪቢሹን ክምር ወንዝ እያጠበ ሳያወፍረው አልቀረም። አመዱ ሲርቅ እየደቀቀ ይሄዳል፤ ከምንጩ አጠገብ ግን ትልልቅ ክሪስታል ያለው ፑሚስ ይገኛል። እሱ ሲለካ 233 ሺህ ዓመት ሆነ፤ ስለዚህ ናካኪሬ ከአጥንቱ በታች ነው የተባለው ግምት አልቆመም። ሩቅ ያለውን አመድ መለካት ባይቻልም ዕድሜውን ከእናቱ ቤት አመጡለት ማለት ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በጣም የማደንቀው ይህን እርምጃ ነው።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይዞ መነበብ አለበት። አንደኛው የ22 ሺህ ዓመት መዋዠቅ ነው፤ ፍንዳታው ከ211 እስከ 255 ሺህ ዓመት ባለው መካከል ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው አመዱ ከአጥንቱ በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኦሞ 1 «የ233 ሺህ ዓመት ሰው» አይደለም፤ አመዱ በላዩ ሲወርድ ቀድሞ የተቀበረ ነው። በስንት ዓመት ቀድሞ? ጥናቱ ይህን አልመለሰም፤ ሊመልስም አይችልም ነበር።

በዚህ ዓይን ስንመለከተው «የመጀመሪያው ሰው የማን ነው» የሚለው ፉክክር ብዙም አያስኬድም። በአፋር ሔርቶ የተገኙት፣ እነ ቲም ኋይትና ብርሃኔ አስፋው በ2003 ይፋ ያደረጓቸው የራስ ቅሎች ከ154 እስከ 160 ሺህ ዓመት ተሰጥቷቸዋል። በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ደግሞ በ2017 ወደ 300 ሺህ ዓመት ተጠግተዋል፤ የእነሱ የተለካው በእሳት ከተለበለበ ባልጩት ነው። ፊታቸው እኛን ይመስላል፤ የራስ ቅላቸው ግን ረዘምና ዝቅ ያለ እንጂ እንደ ኦሞ 1 ክብ አይደለም። የቱ ቅርጽ «ሰው» ለመባል ይበቃል የሚለው ክርክር በአርጎን አይፈታም።

የኦሞ 1 ጥያቄ ግን ሊፈታ የሚችል ነው። የሚፈለገው ከአጥንቱ በታች፣ እዚያው ስፍራ ላይ፣ ምንጩ የሚታወቅ አንድ የአመድ ንጣፍ ነው። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከሻላ ሌላ ናሙናቸው ገና በዝርዝር ያልተመዘገበ የጥንት ፍንዳታዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱ እየተመዘገቡ ሲሄዱ ዛሬ ስም የለሽ የሆኑት ቀጫጭን የኪቢሽ ንጣፎች አንድ በአንድ ባለቤት ያገኛሉ። እስከዚያው የኦሞ 1 ዕድሜ ወለል እንጂ ጣሪያ የለውም።