የአንድ ባለታሪክ ልዩ ልዩ መልክ፤ ከልጆች መጫወቻ እስከ ንግሥተ ሳባ ሥዕል

አብነት ማለት ምሳሌ፥ መምሰያ፥ ሌላው ሁሉ በእርሱ አንጻር የሚታረምበት ዋና ነገር ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቃሉን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ሲያጠና የአብነት ተማሪ ይባላል። በአዲስ አበባም በልደታ ክፍለ ከተማ በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ። ሰፈሩ ከመርካቶ ብዙ ስለማይርቅ ከውጭ አገር የሚመጣው የልጆች መጫወቻ፥ በካርቱን ፊልም የታወቁ ባለታሪኮች ሥዕል የታተመበት የትምህርት ቤት ቦርሳና ከናቴራ ሁሉ በቶሎ ይደርሰዋል። በዚያም እንደ ሌላው የከተማው ሰፈር የመጫወቻው መልክ በቴሌቪዥን ከታየው መልክ ጋራ ሳይስማማ ሲቀር፥ ትክክለኛው የትኛው ነው እየተባለ በልጆች መካከል ክርክር ይነሣል። ነገሩ ተራ የልጅ ጠብ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ስለ አንድ ባለታሪክ አካልና ስም፥ ስለ ትውልዱም መከራከር በኢትዮጵያ ከዚህ እጅግ የቆየ ነው፤ ዋጋውም የከበደ ነበር።

ከመጫወቻዎቹ አንዱን ወገን ብቻ ማየት ይበቃል። «ትራንስፎርመርስ» የተባሉት፥ ከመኪና ወደ ሰው ቅርጽ የሚለወጡት ሮቦቶች፥ በአሜሪካ ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታካራ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲቀበላቸው ቅርጻቸው አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ አሁን የሚታወቁበት ስምና ጠባይ የተሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አካሉ ታሪኩን ቀደመው ማለት ነው። ታሪኩም በአንድ እጅ አልተጻፈም፤ አንዱ ወገን በሥዕል መጽሔት፥ ሌላው በካርቱን ፊልም አወጣው። አይረንሃይድ የተባለው ሮቦት በመጫወቻነቱ ራስ አልነበረውም፤ ፊልሙ ግን የሚናገርና የሚቆጣ ባለታሪክ ስለሚያስፈልገው ራስና ፊት አበጀለት። ሾክዌቭ የተባለው በፊልሙ ለጌታው የታመነ ዘበኛ ሲሆን፥ በመጽሔቱ ግን አዛዥነቱን ከጌታው የቀማ ነው። ባምብልቢም መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሰው «ቮልስ» እያለ የሚጠራትን ትንሽ መኪና ይመስል ነበር፤ በ2007 በወጣው ሲኒማ ሸቭሮሌት ካማሮ ሆነ፤ በ2018 ተመልሶ ቮልስ ሆነ። ከእነዚህ ልዩነቶች ብዙዎቹ በቸልተኝነት የመጡ አይደሉም። ፕላስቲኩ መታጠፍ አለበት፤ ፊልሙ ፊት ይፈልጋል፤ መጽሔቱም እንዲሸጥ በየጊዜው አዲስ ጠብ ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ እንዲህ በብዙ እጅ ከተላለፉት ባለታሪኮች ዋናይቱ ንግሥተ ሳባ ናት። ታሪኳ በመጽሐፍ ተጽፏል፥ በአፍ ተነግሯል፥ በሸራም ተሥሏል። ሠዓሊዎቹ ሸራውን በመደዳ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፥ ብዙውን ጊዜ ወደ 44፥ ይከፍሉና ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያከታተሉ ይሥሉታል፤ ከየሥዕሉም ሥር ነገሩን የሚገልጽ የአማርኛ ቃል ይጽፋሉ። የሌላ አገር ልጅ በሥዕል መጽሔት የሚያገኘውን የአዲስ አበባ ልጅ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሸራ ሊያገኘው ይችል ነበር።

ሦስቱን ያስተያየ ሰው ግን ወዲያው ይቸገራል። ስሟን እንኳ ቢፈልግ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 10 ለሰሎሞን የሰጠችውን 120 መክሊት ወርቅ ቈጥሮ ስሟን ሳይጠራ ያልፋል። ወንጌል ንግሥተ አዜብ፥ ክብረ ነገሥት ማክዳ፥ ዓረቦች ብልቂስ ይሏታል። ክብረ ነገሥት ቍጥር ይወዳል፤ ለጉዞዋ የተጫኑት ግመሎች 797 እንደ ነበሩ ሳይቀር ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው እግሯ ነው። በክብረ ነገሥት መልኳም ቁመናዋም ያማረ ነው፤ በእግሯ ላይ ነውር እንደ ነበረ የሚናገር ቃል የለም። ሊትማን የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የአክሱም ትውፊት ግን እንዲህ ይላል። እትዬ አዜብ የምትባል ልጃገረድ ለዘንዶ ተሰጥታ ከዛፍ ጋራ ታስራ ሳለች ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ገደሉት፤ ደሙም በተረከዟ ላይ ነጠበና ተረከዟ የአህያ ሆነ። ሕዝቡ ሹም አደረጋት፤ እርሷም ሰሎሞን እንደሚፈውስ ሰምታ ወደ እርሱ ሄደች፥ ዳነችም። በቅዱስ ቍርአንም በ27ኛው ምዕራፍ ንግሥቲቱ የመስተዋቱን ወለል ውሃ መስሏት ባቷን ትገልጣለች፤ የዓረብ ተራኪዎችም ሰሎሞን ይህን ያሠራው እግሯ የአህያ ነው የሚለውን ወሬ ሊመረምር ነው ብለው ጨመሩበት።

እግሩ ለምን እንዳስፈለገ ለማወቅ የጉዞውን ምክንያት መጠየቅ ይገባል። በክብረ ነገሥት ንግሥቲቱን ያስነሣት ነጋዴው ታምሪን ያወራላት የሰሎሞን ጥበብ ነው፤ መጽሐፉን የደረሱት ሊቃውንት ናቸውና ጥበብ ፍለጋ ለእነርሱ በቂ ምክንያት ነበር። እሳት ዳር ተቀምጦ ለሚሰማ ባላገር ግን ከአክሱም እስከ ኢየሩሳሌም ለመሄድ በሽታ ይሻላል። ዘንዶውንም እንደዚሁ ነው። በሸራው ላይ የሚገድለው አንጋቦ ነው፤ ፍየል መርዝ አብልቶ ለዘንዶው ይሰጠዋል፥ ስለዚህም ይነግሣል፥ ማክዳም ልጁ ሆና ትወርሳለች። በአክሱሙ ትውፊት ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ ስማቸው ከተሰዓቱ ቅዱሳን ጋራ ይገጥማል፤ እነዚያ ግን ከሰሎሞን በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። ተራኪው በዚህ የሚጨነቅ አይመስልም።

እንዲህ ያለውን ጠብ የሚያበርድ ዘዴ አለ። በውጭ አገር የመጫወቻዎቹ ወዳጆች የፊልሙ ዓለም ሌላ፥ የመጽሔቱ ዓለም ሌላ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ሾክዌቮች ሳይጣሉ ይኖራሉ። የኢትዮጵያ የመጻሕፍት ትርጓሜ ይህን ከቀድሞ ጀምሮ ያውቀዋል። መምህሩ ቃሉን በአንድ መንገድ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። ተረከዟ ያማረ ነው፤ አንድም የአህያ ነው ቢባል የሚጐዳ የለም።

አንድ ነገር ግን በአንድም አላለፈም፤ እርሱም የገረዲቱ ነገር ነው። በክብረ ነገሥት በዚያች ሌሊት ከቅመሙ እራት በኋላ ተጠምታ ውሃ የጠጣችው ንግሥቲቱ ብቻ ናት። በሸራው ግን አስቀድማ የጠጣች ገረዷ ናት፤ ሰሎሞን መጀመሪያ እርሷን፥ ቀጥሎ እመቤቲቱን ይይዛል፥ ሁለቱም ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። በአክሱሙ ትውፊትም ንግሥቲቱ ብቻዋን አልሄደችም፤ እንደ እርሷ የወንድ ልብስ የለበሰች ባልንጀራ አለቻት። ሁለተኛው ልጅ የማን አባት እንደሆነም ተነግሯል፤ አንዱ ትውፊት ዛጔዎች ከእርሱ ወረዱ ይላል፥ ሌላው ደግሞ ከሙሴ ያወርዳቸዋል። ይኵኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱን ከዛጔዎች ከወሰደ ወዲህ «የገረድ ልጅ» መባል ከዙፋን መራቅ ነበር። የአብነት ልጅ ሁለት ባምብልቢ ቢኖረው ደስ ይለዋል፤ ሁለት ልጅ የሚጠይቀው ዙፋን ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ እርሱን የተካውም የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፥ የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ ደነገጉ። ይህም ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ ጸንቶ ነበር። ገረዲቱና ልጇ ግን በሕጉ አልተጠቀሱም፤ የቀሩት ሠዓሊው በሸራው ላይ በከፈለላቸው አራት ማዕዘን ውስጥ ነው።