ሥጋቱ የማን ነበር? የአየር ትርዒት ደኅንነት፣ ቁጥጥርና ተጠያቂነት



«ደኅንነት የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚለውን አባባል እኔም ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ዛሬ ግን ይህ መልካም አባባል መቼ አደገኛ እንደሚሆን በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2015 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሾርሃም አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ትርዒት ይካሄድ ነበር። ሆከር ሀንተር የተባለ አሮጌ የጦር ጄት ሽቅብ ወጥቶ፣ በአየር ላይ ተገልብጦ፣ ዙሩን ለመጨረስ ቁልቁል ሲወርድ ከማረፊያው ውጭ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ተከሰከሰ። 11 ሰዎች ሞቱ፤ አብራሪው ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2017 ባወጡት ዘገባ የቅርቡን መንስኤ ለይተዋል። አውሮፕላኑ ዙሩን የጀመረው ከሚገባው ባነሰ ፍጥነት ነበር፤ በዙሩ አናት ላይ ቢያንስ 3,500 ጫማ ከፍታ ሊኖረው ሲገባ የደረሰው 2,700 ጫማ ገደማ ብቻ ነው።

እኔ ግን ጥያቄዬን የምጀምረው ከሟቾቹ ነው። አንዳቸውም በትርዒቱ ሜዳ ውስጥ አልነበሩም። አንዳንዶቹ በመኪና ሲያልፉ፣ ሌሎቹ ከመንገድ ዳር ቆመው ሲመለከቱ ነበር ሞት የደረሰባቸው። በ1952 በፋርንቦሮ ትርዒት ላይ አንድ ጄት በአየር ላይ ተበታትኖ ከተመልካቾች መካከል 29 ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ ብሪታንያ አውሮፕላኖች ከተመልካቹ እንዲርቁ የሚያስገድድ ጥብቅ ደንብ አውጥታ ነበር። ደንቡ በሜዳው ውስጥ ያለውን ተመልካች ጠበቀ። በአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን መንገደኛ ግን ማን ይጠብቀው?

የመርማሪዎቹ ዘገባ በዚህ ላይ የሰጠው መልስ ከፍጥነቱና ከከፍታው ይልቅ ያሳስበኛል። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የሥጋቱ ባለቤት አዘጋጁ ነው ብሎ ያምን ነበር። አዘጋጁ ደግሞ ባለሥልጣኑ በደኅንነቱ ባይረካ ኖሮ ፈቃድ አይሰጠኝም ነበር ብሎ ያምን ነበር። አውሮፕላኑን የሚያበሩት ወገኖችም ሰው በሚበዛበት አካባቢ ላይ ለመብረር የሚያስፈልገውን ፈቃድ አዘጋጁ አግኝቷል ብለው አስበው ነበር። ምን ሊበላሽ ይችላል፣ ማንንስ ይጎዳል ብሎ ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር የመረመረ አንድም ሰው ወይም ተቋም አልነበረም።

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። በሾርሃም ባላዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆሙ እንጂ አንዱም መሬት ውስጥ አልተተከለም።

ከአደጋው በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። የአደጋ ምርመራ ዓላማው መማር እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም። በ2016 ፖሊስ አብራሪው ለመርማሪዎች የሰጠውን ቃል እንዲያገኝ ሲጠይቅ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቃሉ ለክስ የሚውል ከሆነ ነገ ለመርማሪ እውነቱን የሚናገር አይገኝምና። በ2019 አብራሪው በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ በነጻ ተለቀቀ። የሞት መንስኤን የሚያጣራው ችሎት ግን በ2022 ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለዋል ሲል ደመደመ። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ሆኖም የወንጀል ችሎት የሚጠይቀው ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ ሲሆን፣ መንስኤ አጣሪው ችሎት የሚበቃው ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ነው። ሦስቱም አካላት የየራሳቸውን ጥያቄ መለሱ። ቤተሰቦቹ ግን ሰባት ዓመት ጠብቀውም «ይህ እንዳይሆን የማየት ግዴታ የማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄያቸው አንድ ስም አላገኙም።

ታዲያ አንድ ሰው ይታሰር ማለቴ ነውን? አይደለም። የምለው ይህ ነው፦ ከአደጋ በፊት በግልጽ ያልተሰጠ ኃላፊነት ከአደጋ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። ፈቃድ የሚሰጥ አካል የፈረመው ፊርማ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ለፈቃድ ተቀባዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ተቀባዩም «ፈቅደውልኛል» ማለት «መርምረውልኛል» ማለት እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ፈቃድ ሰጪዎች ትሆናላችሁ፤ ለበረራ ባይሆን ለሕንፃ፣ ለፋብሪካ፣ ለሕዝብ መሰብሰቢያ። ማኅተሙን ከማሳረፋችሁ በፊት ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን፣ ትኬት ያልቆረጠውን ሰው አስቡት። እርሱ ስለ ፈቃዱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሥጋቱ ግን የእርሱም ነው።