ትልቅ ባቡር ጣቢያ ሲዘጋ ሕዝቡ በየት ይሂድ?

ባቡር ጣቢያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። እንደ ሎንዶን ባለ ከተማ ግን ባቡር የሩቅ አገር መንገደኛ ብቻ አይደለም የሚሳፈርበት፤ ሠራተኛው፣ ተማሪውና መምህሩ ጧት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት ይመላለስበታል። ታዲያ እንዲህ ያለው ጣቢያ ለሥራ ሲዘጋ ያ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል? በዚያው በሎንዶን የደረሱ ሁለት ሁኔታዎችን እያነጻጸርን እንመልከት።

የመጀመሪያው በኪንግስ ክሮስ ጣቢያ የደረሰው ነው። በእንግሊዝ አገር በገና ዕለት ባቡር ስለማይሄድ ከባድ የሀዲድ ሥራ በዚያ ሰሞን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ገና ከጣቢያው ወጣ ብሎ ሆሎዌይ በተባለ ቦታ ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ አዳዲሶቹ የማንሻ መሣሪያዎች ተበላሹ። ሥራው ሲዘገይ ደግሞ የሥራ ባቡር ነጂዎች የተፈቀደላቸው ሰዓት አለቀ። በዚህም የተነሣ ዲሴምበር 27 ቀን (ታኅሣሥ 18 ቀን 2007 ዓ.ም.) ይከፈታል የተባለው መስመር ሳይከፈት ዋለ።

ምን ይደረግ? ባቡሮቹ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን በሚገኘው በፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ እንዲቆሙ ተወሰነ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፊንስበሪ ፓርክ መተላለፊያ እንጂ የሩቅ ባቡሮች ሁሉ መነሻና መድረሻ እንዲሆን የተሠራ ጣቢያ አልነበረም። የወረደው ሻንጣውን ተሸክሞ ልውጣ ሲል የሚሳፈረው ፊት ለፊቱ ይመጣበታል። የወረደው ካልወጣ ሌላው አይሳፈርም፤ የቆመው ባቡር ካልተነሣ የኋላው አይገባም። በመጨረሻ ለደኅንነት ሲባል የጣቢያው በር ተዘጋ፤ ሰልፉም ጎዳና ላይ ወጣ። ልብ እንበል፦ ሰዉን ያጉላላው የተዘጋው ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ሳይመጠን ምትክ የሆነው ጣቢያ ጭምር ነው።

ሁለተኛው የዋተርሉ ጣቢያ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር እንደ ዋተርሉ ሰው የሚበዛበት ጣቢያ አልነበረም፤ በዓመት የሚገባውና የሚወጣው ሲቆጠር ወደ 99 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 5 እስከ 28 ቀን 2017 (ከሐምሌ 29 እስከ ነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.) ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያሉት የመሳፈሪያ መድረኮች ተዘጉ። ምክንያቱም ከ1 እስከ 4 ያሉት አጫጭር ስለነበሩ 10 ፉርጎ ያለው ባቡር እንዲቆምባቸው ማስረዘም አስፈለገ። ሆኖም አስቀድሞ ሦስት ነገር ታስቦበት ነበር።

አንደኛ፣ ጊዜው ተመረጠ። ኦገስት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ብዙ ሠራተኛም ዕረፍት የሚወጣበት ወር ነው።

ሁለተኛ፣ ምትክ ቦታ ተዘጋጀ። የውጭ አገር ባቡሮች እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወሩ ከተተዉት መድረኮች ለዚሁ ሲባል ተከፈቱ።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ከብዙ ወራት በፊት ተነገረው። የሚችል ዕረፍቱን በዚያን ጊዜ እንዲወስድ፣ የማይችል ከጥድፊያው ሰዓት ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ እንዲጓዝ ተመከረ።

ይህ ምክር ቀላል ይምሰል እንጂ ቁም ነገር አለው። ጣቢያ የሚጨናነቀው ቀኑን ሙሉ በሚመጣው ሰው ብዛት ሳይሆን በአንዲት ሰዓት ውስጥ በሚጎርፈው ነው። ከዚያች ሰዓት ሰዎች ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚነሣ፣ ሌላው ዘግይቶ የሚነሣ፣ የቀረበውም በእግሩ የሚሄድ ከተገኘ ያው ጠባብ ጣቢያ ሕዝቡን ይችላል።

ይህም ሆኖ በዋተርሉ ችግር አልጠፋም። ኦገስት 15 ቀን አንድ የመንገደኛ ባቡር በዝግታ ሲሄድ ከቆመ የሥራ ባቡር ጋር ተጋጨ፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ባይኖርም ጉዞው ይበልጥ ተስተጓጎለ። ዕቅድ አደጋን ሁሉ አያስቀርም። ሌላ መንገዱን አስቀድሞ የለየ ሰው ግን እንዲህ ባለ ቀን የሚይዝ የሚጨብጠው አያጣም።

«ይህ ለእኛ ለመምህራን ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት በፈተና ዕለት ዋናው በር በጎርፍ ቢዘጋ፣ ተማሪው ሁሉ በጓሮ በር ይግባ ማለታችን አይቀርም እኮ! ያች በር ስንት ልጅ ታስገባለች? የሚወጡትና የሚገቡት ቢገናኙስ? ትንንሾቹ ቢረጋገጡስ? ስለዚህ በሩን ቀድመን እንየው፤ ክፍሎቹን በሰዓት እንከፋፍል፤ ለወላጆችም ከዋዜማው እንንገር። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ ሕዝብ በር ላይ ከተፋፈገ በኋላ የሚወጣ ዕቅድ ለማንም አይተርፍም።