«መቆየት» እና «ማቆየት»፦ የሆቴል ሠራተኞች የሥራ ትስስር በአማርኛ መጠይቅ

የአስተዳደር አሠራር የሆቴል ሠራተኛን ከሥራው ጋር እንዴት እንደሚያስተሳስር የሚመረምሩ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጆን ማየርና ናታሊ አለን እ.ኤ.አ. በ1991 ካቀረቡት ሞዴል ነው። ሞዴሉ ሠራተኛው የሚቆይበትን ምክንያት በሦስት ይከፍላል፦ ድርጅቱን ስለሚወድ፣ መልቀቁ ስለሚጎዳው፣ መቆየት ግዴታው መስሎ ስለሚሰማው። መጠይቁ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ክፍፍሉ እንዳለ አይቀመጥም።

ለትስስሩ የተለመደው አቻ «ቁርጠኝነት» ነው። ቃሉ ከ«ቆረጠ» የወጣ በመሆኑ ውሳኔንና ጽናትን ያመለክታል፤ አማራጭ አጥታ የተቀመጠችን አልጋ አንጣፊ «ቁርጠኛ» የሚላት ተናጋሪ አይገኝም። «ታማኝነት»ም አያዋጣም። በሆቴል ቤት ታማኝ የሚባለው እንግዳ የረሳውን ቦርሳ የሚመልስ ነው፤ ይኸው ሰው በማግሥቱ ሥራ ሊለቅ ይችላል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ አማርኛ እዚህ ላይ አንዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሐዘን ሲደርስበት ፈቃድ ከሰጠው፣ ወይም ሆቴሉ ከፍሎ ካሠለጠነው፣ የሚይዘው «ውለታ» ነው። (ነገር ግን «ባለውለታ» ሲባል በአብዛኛው ውለታ የዋለው እንጂ የተዋለለት አይደለም፤ ይህም ጥያቄ ሲቀረጽ ያሳስታል።) «ይሉኝታ» ግን ከ«ይሉኛል» ጋር የተዛመደ እንደመሆኑ የሌሎችን ዐይን ይሻል፦ ቅጥሩን ያገናኘውን ዘመድ፣ የፈረመውን ዋስ። ውለታን አስተዳደሩ በአሠራሩ ሊያዳብረው ይችላል፤ ይሉኝታ በአብዛኛው ከሆቴሉ በር ውጭ የተበጀ ነው። ሁለቱን «ግዴታ» ብሎ በአንድነት የሚጠይቅ መጠይቅ ዘመድ የሠራውን ለአስተዳደሩ ይመዘግብለታል።

በ«ቆየ» አድራጊው ሠራተኛው ነው፤ በአስደራጊው «አቆየ» ግን አሠሪው ይሆናል፣ ሠራተኛውም ተደራጊ። አስተናጋጅ «አቆዩኝ» ሲል ፈረቃው ካለቀ በኋላ አላሰናበቱትም ማለቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ይህ አነጋገር የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄን ሊሸከም ይችላል። «ሆቴሉ ሠራተኞቹን ለማቆየት ይጥራል» ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» ያለ ሰው እንግዲህ ቅሬታውን አሰምቶ ይሆናል፤ ተመራማሪው ግን የአስተዳደሩ ስኬት አድርጎ ይቆጥረዋል። «የዛሬ ዓመት እዚሁ የምሠራ ይመስለኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አድራጊነቱን ለሠራተኛው ይመልሳል፤ ምክንያቱን ግን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።