«ስኳር ይኖርብኝ ይሆን?» ብለው ከጠረጠሩ

ባለፈው ክረምት አንድ የ47 ዓመት የሚኒባስ ሹፌር ወደ ምርመራ ክፍሌ የመጡት እግራቸው ላይ ያለው ቁስል ሦስት ሳምንት ሙሉ አልድን ብሏቸው ነበር። ቁስሉን እያየሁ «ውሃ ጥም ይበዛብዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቅ አሉ። ተሳፋሪ ጭነው እየሄዱ ሽንት እያጣደፋቸው ዳር ይዘው ሲቆሙ ረዳታቸው እንደሚቀልድባቸው፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ሱሪያቸው ሰፍቷቸው ቀበቷቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ እንደጨመሩ ነገሩኝ። ይህ ሁሉ ከጀመራቸው ሰባት ወር አልፎታል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሳይመጡ ቀሩ?» አልኳቸው።

«ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ስኳር እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። ግን ስኳር ከተባልኩ እንጀራ ሊከለክሉኝ፣ መርፌ ሊጀምሩኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እንዲህ ስከሳ ያየ ሰው ሌላ በሽታ አለበት ብሎ ያወራል፤ እሱንም ሽሽት ነው» አሉኝ።

ይህን መልስ በተለያየ አነጋገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ሕመሙን የማይጠረጥሩ ብዙ ናቸው፤ ጠርጥረው የሚሸሹት ግን የበለጠ ያሳዝኑኛል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ሲሆን ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። በአፍሪካ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳይታወቅላቸው የሚኖሩ ናቸው።

ለምን ሳይታወቅ እንደሚቆይ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። በአይነት ሁለት የስኳር ሕመም ሕዋሳቱ ለኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዙም፤ ቆሽትም ለማካካስ ሲታገል ቆይቶ ይደክማል። ይህ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሆን ነገር ስለሆነ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በግምት 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ ግን ኩላሊት ይዞ ማስቀረት ስለሚያቅተው ወደ ሽንት ይለቀዋል። ስኳሩም ውሃ አስከትሎ ይወጣል። ሽንቱ የሚበዛው፣ ውሃ ጥሙም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሸኑበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው የመጡ የገጠር ታካሚዎች አጋጥመውኛል፤ ትዝብታቸው ትክክል ነበር።

ከዚህ ሌላ ድካም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቶሎ የማይድን ቁስል፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ማቃጠል፣ በብልት አካባቢ የሚመላለስ ማሳከክ ይኖራል። የዓይን ብዥታም አንዱ ምልክት ነው። ስኳር ከፍ ሲል የዓይን ሌንስ ውሃ ይይዝና እይታ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ብዥ ያለበት ሰው መነፅር ከመግዛቱ በፊት ስኳሩን ቢለካ ገንዘቡንም ያተርፋል። ሳል፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበት ሰው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳም መመርመር ይኖርበታል። የስኳር ሕመም ለሳንባ ነቀርሳ የመጋለጥን ዕድል ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚጨምር ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ይገኛሉ።

ምልክት ሳይኖርስ? ዕድሜያቸው 35 ዓመት ያለፈ፣ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ቦርጭ ያወጡ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባቸው የነበሩ ወይም ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ልጅ የወለዱ እናቶች ቢመረመሩ መልካም ነው። «እኔ ቀጭን ነኝ»፣ «ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» የሚሉ ሰዎች ግን ከሕመሙ ነፃ ነን ብለው ባይተማመኑ ይሻላል። በሀገራችን ቀጫጭን ሆነው አይነት ሁለት የስኳር ሕመም የሚገኝባቸው ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። በብዛት የሚታዘዘው ምንም ሳይበሉ የሚሰጥ የደም ምርመራ ሲሆን ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከምግብና ከሚጠጣ ነገር መቆጠብን ይጠይቃል። ይህ ትእዛዝ እኛ ዘንድ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጠዋት ደም ሊሰጡ የመጡ እናትን «እንደነገርንዎት ጾመው ነው የመጡት?» አልኳቸው። «እንዴታ ልጄ፣ ጾመኛ አይደለሁ!» አሉኝ። ወደ ላቦራቶሪ ልልካቸው ስል ለማንኛውም ብዬ «ከነቁ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም?» ብል «ሻይ በዳቦ ብቻ ነው» አሉ። ዳቦው ወተትም ቅቤም የለበትም፤ እሳቸው አልዋሹም፣ የተሳሳተው የእኔ አጠያየቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጾመው ይምጡ» ማለት ትቻለሁ፤ «ከውሃ በቀር ምንም ነገር አፍዎ ሳይገባ ይምጡ» እላለሁ።

ውሃ አይከለከልም። ተጠምተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ የሚመጡ ሰዎች ራሳቸውን በከንቱ ያስቸግራሉ። ቡና ያለ ስኳርም ቢሆን ከምርመራው በኋላ ይደርሳል። ማታ 2 ሰዓት እራት የበላ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ቢሰጥ 12 ሰዓት ሆኖታል፤ ይበቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ «ባዶ ሆድ ተብያለሁ» ብለው አይተዉት፤ በውሃ ይዋጡት። ሌሊቱን ሲቅሙ አድረው፣ በለስላሳና በጣፋጭ ሻይ ሲያወራርዱ ቆይተው የሚመጡ ወጣቶች ግን ለሌላ ቀን ቢቀጥሩ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ላለው ሰው ነው። ውሃ ጥም፣ የሽንት ብዛትና መክሳት የታየበት ሰው «በልቻለሁና ነገ ልምጣ» ብሎ መመለስ የለበትም። እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት ካለ፣ በማንኛውም ሰዓት በልቶም ቢሆን የተለካ ስኳር 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ አለ ለማለት ያስችላል። ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም የአእምሮ መደናገር ከተጨመረበት ደግሞ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ምንም ሳይበሉ በተሰጠ ደም ከ100 በታች ደኅና የሚባል ነው። 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም መስፈርትን ያሟላል። ከ100 እስከ 125 ያለው መሐል ላይ ነው፤ ሕመም አይባልም፣ ደኅናም አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የመሐል ደረጃ የሚጀምረው ከ110 ስለሆነ፣ ስለ 105 ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ቢነግሩዎ አይገረሙ።

ሌላው ምርመራ የሦስት ወር ገደማ አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ ነው። ለዚህ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። 6.5 በመቶ እና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው የመሐል ደረጃ ነው። በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ግል ላቦራቶሪ ይላካሉ። ደም ማነስ ያለበት፣ በቅርቡ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ግን ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ይህን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ውጤቶቹ የማይጣጣሙ ሲሆኑ ደግሞ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ተጠጥቶ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለካል፤ እዚህ ላይ 200 እና ከዚያ በላይ ሕመም ነው።

ጣት ተወግቶ በትንሿ መሣሪያ የሚለካው ምርመራ ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ የማረጋገጫውን ቃል ግን ከተቻለ ከክንድ በተቀዳ ደም ላቦራቶሪ ቢሰጥ እመርጣለሁ። ማንጎ ወይም ብርቱካን ልጦ እጁን ሳይታጠብ የተለካ ሰው ጣቱ ላይ የቀረው የፍሬው ስኳር ቁጥሩን ሊሰቅልበት ይችላል። ጊዜው ያለፈበት ወይም ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ የመለኪያ ወረቀትም እንዲሁ ያሳስታል።

ከውጭ ሀገር ዘመድ የሚልከው መሣሪያም ሌላ ግርታ ያመጣል። አንድ አባት ልጃቸው ከለንደን የላከችላቸውን መሣሪያ ይዘው መጥተው «ዶክተር፣ ስኳሬ ወርዶ ወርዶ 9 ደረሰ፤ ሰው በ9 ይኖራል?» አሉኝ። እንግሊዝ ውስጥ ስኳር የሚለካው በሚሊ ሞል በሊትር ነው። ወደ እኛ መለኪያ ለመቀየር በ18 ይባዛል፤ 9 ማለት 162 ነው። በዚህ አቆጣጠር 126 የሚሆነው 7 ነው። መሣሪያው ላይ የተጻፈውን መለኪያ ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። እኚህ አባት ስኳር ወረደ ብለው ለአንድ ሳምንት ማር በዳቦ ሲበሉ ነበር የሰነበቱት።

የሽንት ምርመራን በተመለከተ፣ ቀደም ሲል እንዳልኩት ስኳር ወደ ሽንት የሚገባው ከ180 ገደማ በኋላ ስለሆነ «ሽንቴ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ማለት ከስኳር ነፃ ነኝ ማለት አይደለም።

ምልክት የሌለበት ሰው በአንድ ውጤት ብቻ «የስኳር በሽተኛ» ሊባል አይገባም፤ በሌላ ቀን ተደግሞ ወይም በሌላ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ትኩሳት ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። በተለይ ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱ አሉና ሳያፍሩ ይንገሩን። አንዳንዶች ደግሞ ከጠረጠሩበት ቀን ጀምረው የሞሪንጋ ቅጠልና የአብሽ ውሃ መጠጣት ይጀምራሉ፤ «ትንሽ ልሞክረውና ካልተሻለኝ እመረመራለሁ» ይላሉ። በእኔ እይታ ይህ ትልቁ ኪሳራ ነው። ሞሪንጋውን ቢወዱት ይጠጡት፤ የስኳር መድኃኒትን የሚተካ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም፤ የሚያልፉት ወራትም አይመለሱም። ከፍ ያለ ስኳር በእነዚያ ወራት የዓይንን፣ የኩላሊትንና የእግርን ጥቃቅን የደም ሥሮችና ነርቮች እየጎዳ ይሄዳል። ለዚህም ነው ሕመሙ እንደተገኘ የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራ አብሮ የሚታዘዘው።

ለመጀመሪያው ምርመራ ጤና ጣቢያ ይበቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ ቀድሞ ያሠሩት የላቦራቶሪ ወረቀት ካለም እሱን ይዘው ይሂዱ። ውጤቱን «ደኅና ነው» በሚል ቃል ብቻ ተቀብለው አይውጡ፤ ቁጥሩን ጠይቀው ከነቀኑ ይጻፉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያይዎ 97 እና 123 ለእሱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሹፌሩ በዚያ ቀን በልተው ስለነበር ወዲያው ለካናቸው፤ 340 ነበር። በማግስቱ ምንም ሳይበሉ 214 ሆነ። ኢንሱሊን አልጀመርንላቸውም፤ ሜትፎርሚን በሚባለው ክኒን ጀመርን። እንጀራም አልተከለከሉም፤ ከአንድ ትሪ ስንት እንደሚበሉ፣ ለስላሳውን በውሃ ስለመተካት፣ ከመኪናው ወርዶ ስለመራመድ ተነጋገርን። ቁስሉ ለመዳን አምስት ሳምንት ወሰደበት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ታላቅ ወንድማቸውን እየጎተቱ መጡ። ወንድምየው በሩ ላይ ቆመው «እኔ ምንም አላመመኝም፤ እሱ ነው ያመጣኝ» እያሉ ነበር። ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ነው የመጡት። 118 ሆነ። መድኃኒት አልሰጠኋቸውም፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸውና በዓመቱ እንዲመለሱ ቀጠርኳቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው መታወቂያቸው ውስጥ ከተቱት።