የጉቴ የእልፍኝ መዘምራን

ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ የጉቴን ከተማ ያገኛል። እኛም ለፍርድ ቤት ሥራ ወደዚያ ሄደን በነበረ ጊዜ፥ መዝገባችንን ዘግተን ወደ ማደሪያችን ስንመለስ፥ ከአንድ ቤት የዜማ ድምፅ ሰምተን ቆምን። ገብተን ብናይ ዐሥራ አንድ ሰዎች በግማሽ ክብ ቆመዋል፤ ከነርሱም መምህራን፥ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፥ አንዲት አስታማሚና አንድ ልብስ ሰፊ ይገኙባቸዋል። ስለ ዜማው ደመወዝ የሚቀበል አንድም የለም።

እንዲህ ያለውን ጥቂት ሰዎች ያሉበትን ማኅበር አውሮፓውያን የእልፍኝ መዘምራን ይሉታል፤ ድምፁ ለታላቅ አደባባይ ሳይሆን ለእልፍኝ የተመጠነ ነውና። መሣሪያ አይከተለውም። መሪው ባለሁለት ጣት የሆነች ትንሽ ብረት ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መታ አድርጎ ወደ ጆሮው ያስጠጋታል፤ ከዚያችም ድምፅ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ክፍል መነሻውን ያቀብላል። ቀጭኑን የሴቶች ድምፅ ሶፕራኖ፥ ዝቅ ያለውን አልቶ፥ ከፍ ያለውን የወንዶች ድምፅ ቴኖር፥ ወፍራሙን ባስ ይሉታል።

እኛ በልጅነታችን የቅዱስ ያሬድን ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የተማርን፥ መሪጌታ ሲመራ ሁላችን በአንድ ድምፅ የተከተልን ነንና፥ አራቱ በአንድነት ሲነሡ መጀመሪያ አራት ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት ባንድ ጊዜ የሚጮኹ መሰለን። ጥቂት ቈይተን ግን አንዱ ሌላውን እንደሚጠብቅ፥ ሲያስፈልግም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንገድ እንደሚለቅለት አስተዋልን። ይህ በችሎታችን ብርቅ ነው።

ለዚህ አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ፥ አዲስ ኪዳንን በ1893፥ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳትመዋል፤ የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጅተዋል። አብረዋቸው የደከሙት ወይዘሮ አስቴር ጋኖም አምስት መቶ ያህል ግጥም፥ ተረትና ምሳሌ ሰብስበዋል። ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታትሟል። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተምረዋል፤ በ1931ም በዚያው አርፈዋል። በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበርና፥ ዜማው በየቤቱ ተሸሽጎ የቈየበትም ጊዜ አለ። ደግሞም በኦሮሞ ሠርግ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ያደገ ልጅ፥ ሌላውን ማዳመጥን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

ዝግጅቱ ሊቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን አልቶውን የምትይዘው ልጅ ቀረች። አባቷን ከሥራ የተነሣ እናውቃቸው ነበርና ሄደን ጠየቅናቸው።

«ሴት ልጅ ባደባባይ ቆማ ትዝፈን ይላሉ?» አሉን።

«መዝሙር ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» ብንላቸው፥ «መዝሙርስ ይሁን፤ በጨለማ ወደ ቤቷ የሚያደርሳት ማን ነው? እርስዎ ነዎት?» ሲሉ መለሱ።

እውነቱን እንናገር፤ የምንመልሰው አጣን። ወላጅ ክፉ አሳቢ ነው ብለን ሄደን ነበር፤ ነገሩ ግን የሰዓት ሆኖ ተገኘ። መዘምራኑም ይህን ሰምተው ልምምዱን ከማታ ወደ ቅዳሜ ቀትር አዛወሩት፤ ልጅቷም ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ተመለሰች።

በዝግጅቱ ቀን ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። የመጀመሪያውን መዝሙር ከፍርሃት የተነሣ ከልኩ አፍጥነውት ቴኖሩ ሊበጠስ ደረሰ። በሁለተኛው ረጉ። በሦስተኛው፥ ሶፕራኖው ዝም ሲል አልቶው ብቻውን በቀረበት ስፍራ፥ አዳራሹ ፀጥ አለ፤ ከኋላ አንዲት እናት እልል ብትል ጐረቤቷ አፏን ያዘቻት። እኛ ብንሆን ባልያዝናት ነበር።

አባትየው በበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሕዝቡ ሲወጣ እጃችንን ይዘው፥ «ያ ወፍራሙ ድምፅ ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁን። ባስ ይባላል አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ ለባሱ ሰው የጐደለ እንደ ሆነ ጠየቁን።