የኃይሌ ግራ ክንድ፦ ያልተለመደ አሯሯጥ መታረም አለበትን?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ወደ ደረቱ ተጠግቶ ይታጠፍ ነበር። በአሰላ አካባቢ ሲያድግ ደብተሩን በዚያ ክንድ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት እየሮጠ በመመላለሱ የመጣ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል።

እንዲህ ያለ አሯሯጥ በታላላቅ ሯጮች ዘንድ ብርቅ ነው። ብርቅነት ግን የድክመት ማስረጃ አይሆንም። በክሪኬት ኳስን በግራ እጅ አንጓ አሽከርክሮ መወርወር ብርቅ የሆነው፣ በከፊል፣ አሰልጣኞች ግራኞችን በጣት ወደ ማሽከርከር ስለሚመሯቸው ነው።

የክንድ ውዝዋዜ እግሮች በሰውነት ላይ የሚፈጥሩትን የመሽከርከር ግፊት ያመጣጥናል። አሬላኖና ክራም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ እጆችን ወደ ኋላ አድርጎ መሮጥ የኃይል ፍጆታን በ3 ከመቶ ገደማ፣ አናት ላይ ጭኖ መሮጥ ደግሞ በ13 ከመቶ ጨምሯል። የኃይሌ ክንድ ግን ታጠፈ እንጂ መወዛወዙን አልተወም። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ ክንዱ ብዙ ኃይል ያባክን ነበር ማለት ይከብዳል (ፍንጭ እንጂ ማስረጃ ባይሆንም)።

ስለዚህ በአቦምሳም ሆነ በበቆጂ የታዳጊን ክንድ ለማቃናት የሚነሣ አሰልጣኝ፣ አስቀድሞ በሁለቱም አያያዝ፣ በእኩል ፍጥነት፣ የኦክስጅን ፍጆታውን ወይም ቢያንስ የልብ ምቱን ሊለካ ይገባል።